የቶማሲ ልጅ

ስቶክሆልም የሄድኩት ስቶክሆልምን ለማየት አይደለም። አንድ የምርጫ ክልል ለማጣራት ነው የሄድኩት፤ የምርጫ ክልሉ ደግሞ ስዊድን ውስጥ የለም። ያለው ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ፣ ካርታ ላይ ዝንብ ያረፈች በምትመስል ደሴት ነው። ይህን ስነግራቸው ጎረቤቶቼ «ታዲያ ለምን ወደዚያው አትሄጂም?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ልክ ነው፤ ከመነሻው ልናገር።

እኔ የማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። የተማርኩት ዘግይቼ ነው፤ አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ለአሥረኛ ክፍል ሲያስፈትኑ ነው። ኮሌጅ ስገባ አስተማሪያችን አንድ የቤት ሥራ ሰጠን። አንድ የምርጫ ክልል ይዛችሁ ከመጀመሪያው ምርጫ እስከ ዛሬ ማን ተወዳደረ፣ ማን አሸነፈ፣ ለምን አሸነፈ የሚለውን ተከተሉ አለን። አገሩን በዕጣ አደረገው። ለሌላው እንግሊዝና ህንድ ሲወጣለት ለእኔ ይህች ደሴት ወጣችልኝ። ሌሎቹ ነጥባቸውን ተቀብለው ረሱት። እኔ የጀመርኩትን ነገር ክፍት ትቼ መቀመጥ አይሆንልኝም። ዘጠኝ ዓመት ስጠይቅ፣ ስጽፍ፣ የውጤት ወረቀት ቅጂ ሳስልክ ኖሬ በመጨረሻ አንድ ትንሽ መጽሐፍ ወጣው። አገሪቱን እዚህ በስም አልጠራትም፤ የሰዎቹንም ስም ለውጫለሁ። ሰው ሁሉ የሚተዋወቅበት አገር ነው።

የመጽሐፉ ልብ አንድ ምዕራፍ ነበር። በሠንጠረዤ ላይ ቶማሲ ፔኒ የሚባል የመንደር አስተማሪ ሦስት ጊዜ ተወዳድሮ ሦስት ጊዜ ይሸነፋል። ከዚያ በኋላ ስሙ የለም። በአራተኛው ምርጫ ታኦና ቶማሲ የሚባል ሰው ይቀርብና ያሸንፋል። ለሐበሻ አንባቢ ይህ አስረጂ አያስፈልገውም፤ ታኦና የራሱ ስም፣ ቶማሲ የአባቱ ስም። አባት ሦስት ጊዜ ያጣውን ወንበር ልጅ አገኘው። ምዕራፉን «የአባቱ ወንበር» አልኩት። አባት ከድምፅ ቆጠራ አንገቱን ደፍቶ ሲመለስ ልጁ ደጅ ቆሞ እንዴት እንደሚያየው፣ አባቱን ቀብሮ እንዴት በእግሩ እንደተተካ ጻፍኩ። የማተሚያ ቤታችን ሹም ጋሽ መርሻ፣ በሃያ ዓመት ውስጥ ሲያመሰግኑ ሰምቻቸው የማላውቅ ሰው፣ ያንን ሲያነቡ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «አስካለ፣ ሌላውን አንባቢ ዘሎ ያልፈዋል፤ ይህችን ግን ያነባታል» አሉኝ።

የጎደለኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቶማሲ የሞተበት ዓመት። ሠንጠረዡ ላይ ያቺ ሳጥን ባዶ ናት። በዚህ መሃል ስቶክሆልም ያለችው የእህቴ ልጅ ሰብለ ደወለች። አረጋውያን በምትንከባከብበት በኡፕላንድስ ቬስቢ ከተማ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሹራብ ከሚሠሩ ሴቶች ጋር ትቀመጣለች። ከሴቶቹ አንዷ፣ ሲና የሚባሉ አሮጊት፣ የትውልድ አገራቸውን ሲጠሩ ሰብለ መርፌዋን ጣለች።

«እታለም! የዚያች የደሴትሽን ሰው አገኘሁልሽ!» አለችኝ።

ነይ ጠይቂኝ ማለት ከጀመረች ሦስት ዓመት አልፏት ነበር። ቪዛው ሲወጣ ጋሽ መርሻ «በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት ማሽን ላይ ይወጣል። ዓመተ ምሕረቷን አግኝተሽ ደውዪ፤ ካልደወልሽ ባዶዋን ነው የማትማት» አሉ።

ማክሰኞ

ቦሌ ላይ ሻንጣዬ ከተፈቀደው ክብደት አለፈ። ግማሹ የእኔ አልነበረም። ጎረቤቶቼ ሁሉ ስዊድን ውስጥ ዘመድ እንዳላቸው ያወቅሁት ቪዛ ያገኘሁ ዕለት ነው። ሚዛኑ አጠገብ ተንበርክኬ ሻንጣዬን ፈታሁና የምለውጠውን ጫማ አውጥቼ ለሸኘኝ ወንድሜ ሰጠሁት። የሰው አደራ ማውጣት ነውር ነው፤ የመጽሐፉን እርማት ማውጣት ደግሞ አይታሰብም። እግሬ ላይ ያለው ክፍት ጫማ ብቻ ቀረኝ።

አርላንዳ አውሮፕላን ጣቢያ ስንደርስ ፓስፖርት የሚያየው ወጣት የእኔን ገልጦ «ሚስስ ተክሌ?» አለ። ዞር ብዬ አየሁ፤ ከኋላዬ ማንም የለም። ተክሌ አባቴ ነው። አባቴ ከደብረ ብርሃን አልፎ አያውቅም። እኔንም ትምህርት ቤት አላከኝም፤ የላከው ወንድሜን ነው። ከሞተ ስንት ዘመኑ፣ ሰው አገር ድንበር ላይ በስሙ ተጠራ። ወጣቱ ሲጠብቀኝ «ነኝ» አልኩት።

ሰብለ አቅፋኝ ስታበቃ ፐንደልቶግ ወደሚሉት የከተማ ባቡር ወሰደችኝ። በመስኮት የሚታየው ዛፍ ብቻ ነው። «ከተማው መቼ ነው የሚጀምረው?» ብላት «ይሄው እኮ ነው እታለም፣ ጀምሯል» አለች። ባቡሩ ውስጥ ሰው ሁሉ ዝም ብሏል። የእኛ ታክሲ ረዳት ከሜክሲኮ ሳር ቤት እስኪደርስ የሚናገረውን ይህ ባቡር በሙሉ በቀን አይናገረውም። እኔም ሳላውቀው በሹክሹክታ ማውራት ጀመርኩ። ሰብለ ሳቀች፤ «ቤተ ክርስቲያን አይደለም እኮ» አለችኝ፣ እሷም በሹክሹክታ።

አውቶቡስ ቀይረን የምትኖርበት ሁስቢ ደረስን፤ ባለ ብዙ ፎቅ የኪራይ ቤቶች፣ መሃሉ ላይ አደባባይ። የስዊድን ምርጫ ሊደርስ ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል። አደባባዩ ላይ ፓርቲዎች የሎተሪ መሸጫ የምታህል የእንጨት ጎጆ ተክለው ወረቀት ያድላሉ፣ ለአላፊ አግዳሚው ቡና በወረቀት ኩባያ ይሰጣሉ። አንደኛው ወተት አልቆበት ከጎኑ ካለው ተፎካካሪ ጎጆ ካርቶኑን ተውሶ ሲመለስ አየሁ። ይህንን የመሰለ ነገር ዘጠኝ ዓመት ባገላበጥኳቸው የውጤት ወረቀቶች ላይ አላገኘሁም፤ ሊጻፍም አይችልም።

የሰብለ ልጅ ሊያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው በስዊድንኛ ነው። ስለ ደሴቲቱ ስነግራት አንድ ነገር ጠየቀች።

«ሻርክ ይመርጣል ወይ ትላለች» አለች እናቷ።

«መምረጥ አይችልም፣ መወዳደር ግን ይችላል በያት።»

ሊያ በስዊድንኛ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ተግባባን።

ረቡዕ

ሰብለ ሥራ ስትሄድ «አንቺ እንግዳ ነሽ፣ ተቀመጪ» ብላኝ ነበር። እጄን አጣምሬ መቀመጥ አልችልም። ከሕንፃው ሥር ትቬትስቱጋ የሚሉት የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አለ፤ ነዋሪው ሁሉ በተራ ሰዓት ይይዛል። የሰብለ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ከአራት እስከ ሰባት ስለነበረ የቤቱን ልብስ ይዤ ወረድኩ። አንዱ ማሽን ውስጥ የሌላ ሰው ልብስ ታጥቦ ቀርቷል። ረስቶት ይሆናል ብዬ አወጣሁት፣ ማድረቂያው ውስጥ ከተትኩት፣ ሲደርቅ አጠፍኩት። የወንዱን ለብቻ፣ የሴቷን ለብቻ፣ የልጁን ለብቻ አድርጌ በሦስት ክምር ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። እኛ ሰፈር ዝናብ ሲመጣ የጎረቤትን ልብስ ከገመድ አንስቶ አጥፎ ማቆየት የሚያስመሰግን እንኳ አይደለም፤ የሚጠበቅ ነው።

ማምሻውን ሰብለ ስትገባ የክፍሉ በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘች። ቆማ አነበበችልኝ።

«ልብሴን ላጠፉት ሰው፦ የሰው ልብስ አይነካም። በተጨማሪም እኔ ብቻዬን ነው የምኖረው። ሦስቱም ክምር የእኔ ነው።»

ሰብለ ደረጃው ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «አንድ ሰው ለሦስት ከፈልሽው እታለም! ከነልጁ!» እኔ ከወረቀቱ ሥር በእንግሊዝኛ ይቅርታ ጻፍኩ። በማግስቱ «ይቅርታ»ን ሳይነካ ሌላ ሰው የፊደል ስህተቴን በቀይ አርሞልኝ አገኘሁት። አራሚ የትም አገር አራሚ ነው።

ሐሙስ

ሰብለ ማለዳ ስለምትገባ የወይዘሮ ሲናን ቤት መንገድ በወረቀት ጽፋልኝ ብቻዬን ወጣሁ። ኡፕላንድስ ቬስቢ ስወርድ ዝናብ ይዘንባል፤ እኔ በክፍት ጫማ። ሕንፃውን በቀላሉ አገኘሁት። የውጭው በር በቁጥር ነው የሚከፈተው፤ ከጎኑ የነዋሪዎቹ ስም በመስታወት ውስጥ ተደርድሯል። ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ሲና የሚል የለም። ከታች ወደ ላይ አነበብኩ፣ የለም። አንድ ውሻ የያዘ ሰውዬ መጣ።

«ወይዘሮ ሲናን ፈልጌ ነበር።»

«የቤተሰብ ስማቸው ማን ነው?»

«ሲና።»

«እሱ የመጀመሪያ ስም ነው።»

«አዎ፣ ስማቸው ነው» አልኩት። ሰው ስሙ ከታወቀ ሌላ ምን ያስፈልጋል? ሰውዬው አዘነልኝ፤ ግን የማያውቀውን ሰው ማስገባት እንደማይፈቀድለት በትሕትና ነገረኝና በሩን በእርጋታ ዘጋው። ውሻው በመስታወቱ እያየኝ ቆየ። ሰብለ ሥራ ላይ ስልክ አታነሳም። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆምኩ። ከሦስተኛው ፎቅ በረንዳ አንድ ድምፅ በእንግሊዝኛ ተጣራ።

«የደሴቴ ሴትዮ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ!»

«ታዲያ ለምን በሩን ያነቡታል? ይደውሉ እንጂ!»

ወይዘሮ ሲና ሰባውን ያለፉ፣ ሰፊ ፊት፣ ነጭ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ የጠቀለሉ ሴት ናቸው። ያገቡት ስዊድናዊ መርከበኛ ነበር። «ባሌ ከሞተ ቆየ፤ በሩ ላይ ግን እስከ ዛሬ የሚኖረው እሱ ነው» አሉኝ። እግሬን አይተው አንድ ቃል ሳይናገሩ ወደ ጓዳ ገቡና ራሳቸው የሠሩትን ወፍራም የሱፍ ካልሲ አምጥተው አጠለቁልኝ። ከዚያ የቆርቆሮ ዓሣ በኮኮናት ወተትና በሽንኩርት ሠርተው በሩዝ አቀረቡ። ጎረስኩ። «ጣዕም የለውም፣ ኮኮናቱ ከቆርቆሮ ነው፤ ግን ቁጭ ብለን ስለ አገሬ በባዶ ሆድ አናወራም» አሉ። በዚህ ከእኛ ሰው አይለዩም።

ከምሳ በኋላ ሠንጠረዤን ዘረጋሁ። አጉሊ መነጽር አውጥተው በጣታቸው እየተከተሉ መስመር በመስመር ወረዱ። ስሞቹን ጮክ ብለው ያነቡ ነበር፤ በእሳቸው አፍ ስሞቹ እኔ ዘጠኝ ዓመት ካነበብኳቸው ሌላ ሆኑ። ቶማሲ ፔኒ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። አንደኛው ሽንፈት፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ከጎኑ ባዶዋን ሳጥን አዩ።

«ይህች ምንድን ናት?»

«የሞተበት ዓመት። እሷን ፍለጋ ነው የመጣሁት።»

«ገና አልሞተማ» አሉ። «እዚህ ቦታ ላይ ምን ይሞታል?» ጣታቸው ወደ አራተኛው ምርጫ ወረደ። «ይህንንስ ማን ነው ይላሉ?»

«ታኦና ቶማሲ። ልጁ ነው» አልኩና ምዕራፌን ባጭሩ ነገርኳቸው። አባቱ ሲሸነፍ ደጅ ቆሞ ያየውን ልጅ፣ ቀብሩን፣ ወንበሩን። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ አጉሊ መነጽራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«የቶማሲ ልጅ እኔ ነኝ» አሉ። «ሌላ ልጅ አልነበረውም።»

ሰብለ ሴትዮዋ የደሴቲቱ ሰው ናቸው ከማለት በቀር የማን ልጅ እንደሆኑ አታውቅም ነበር፤ እኔም አልጠየቅሁም። ሴትዮዋ ያስረዱኝን በአጭሩ ላስቀምጠው። ታኦና የሰው ስም አይደለም፤ የቤተሰብ ማዕረግ ነው። ያኔ ለመወዳደር የፈለገ ይወዳደራል፤ ድምፅ የሚሰጡት ግን ባለማዕረጎች ብቻ ነበሩ፤ ባለማዕረግ ደግሞ ማዕረግ የሌለውን የመንደር አስተማሪ አይመርጥም። ቶማሲ ሦስቴ የወደቀው ለዚያ ነው። ከሦስተኛው በኋላ አጎቱ ሲሞት ዘመድ ተሰብስቦ ማዕረጉን ለእሱ ሰጠው። ማዕረግ ሲመጣ ከፊት ይገባል፣ የአባት ስም ይወጣል። ቶማሲ ፔኒ የነበረው ታኦና ቶማሲ ሆነ። እኛም ፊታውራሪ እንላለን፤ ፊታውራሪው ግን የአባቱን ስም አይጥልም።

ለማመን ከበደኝ፤ ከኩራትም ይሆናል። «በዚያ ምርጫ ስንት ሰው ድምፅ እንደሰጠ ያስታውሳሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው፤ የፈተና ጥያቄ ነበር።

«እኔ ማዕረግ ስላልነበረኝ አልመረጥኩም። ከመሰብሰቢያው ቤት ውጪ በትምህርት ቤት ደብተሬ የሚገባውን ሰው በጭረት እቆጥር ነበር» አሉና ቁጥሩን ነገሩኝ። ሠንጠረዡን አየሁ። አንድም አልጎደለም፣ አንድም አልተረፈም።

ወረቀቶቼን መሰብሰብ ጀመርኩ። እጄ ሥራ እንዲያገኝ ነው። ወይዘሮ ሲና ሳይቆጡ፣ ነገሩን እንደሚያጣሩ ሁሉ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«እርስዎ አባቴን ገደሉት። ከዚያ ወንድ ልጅ ሰጡት። ሁለተኛውን ዕድሜውን ሙሉ ሲመኝ ነው የኖረው።»

ዓርብ

ሰብለ ዕረፍት ነበረች። የጾም ምስር ሠርታ አቀረበች፤ አልበላልኝ አለ። ነገሩን ነገርኳት። ይህን ጊዜ አልሳቀችም፤ ለትንሽ ግን ነው።

«የልብሱን ሰው ለሦስት ከፈልሽው። ይህኛውን ለሁለት ብቻ ነው የከፈልሽው፣ እየተሻለሽ ነው።»

«ሰብለ።»

«እሺ። ግን እታለም፣ ማን ያውቅብሻል? አዲስ አበባ ውስጥ ያቺን ደሴት የሚያውቅ ሰው የለም። የምታውቀዋ ሴትዮ ደግሞ አማርኛ አታነብም።»

«እኔ አነባለሁ።»

ሳህኔን አነሳችልኝ። ቆይታ «ምዕራፏ ግን ታምራለች» አለች፣ እንደ ማዘን። ታምራለች። እኔን ያስጨነቀኝም እሱ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ከዳር ዳር የሰው ትንፋሽ ያለባት እሷ ብቻ ነበረች፤ ትንፋሹ ደግሞ የማን እንደሆነ ያወቅሁት ትናንት ነው። ያ ደጅ ቆሞ የሚያይ ልጅ ወንድሜ ነበር። ከደሴቲቱ የመጣ አይደለም፤ ከእኛ ቤት ነው ያመጣሁት። አባትና ልጅ ሲባል እኔ የማውቀው እሱን ነው።

ለጋሽ መርሻ ደወልኩ።

«ዓመተ ምሕረቷን አገኘሽ?» አሉ።

«ሰውየው አልሞተም ጋሽ መርሻ።»

«እስካሁን? ስንት ዓመቱ ነው?»

አስረዳኋቸው። 

«አስካለ፣ ሰው መጽሐፉን ለማሳጠር አውሮፓ ድረስ ይሄዳል? ያቺን ምዕራፍ አትንኪያት። ያለቀስኩባት ናት።»

«ያለቀሱት ለሌለ ሰው ነው።»

«እኔ ለሌለ ሰው ሳለቅስ የመጀመሪያዬ መሰለሽ? ደግሞ መሃል ናት። አሥራ ስድስት ገጽ በአንድ ወረቀት ይታተማል፤ ይህንን አንቺ ታውቂዋለሽ። ብታወጫት መሃሉ ባዶ ይሆናል። በምን ልሙላው?»

«እሞላዋለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ እሑድ።»

«ሰኞ ጠዋት ካልደረሰኝ እንደነበረች ትታተማለች። እኔም አላዝንም» ብለው ዘጉ።

ዛትኩ እንጂ ምን እንደምጽፍ አላውቅም ነበር። አንድ ሰው ሦስቴ ተሸነፈ፣ ማዕረግ አገኘ፣ አሸነፈ። ይህ ሦስት መስመር ነው።

ቅዳሜ

ወይዘሮ ሲና አይቀበሉኝም ብዬ ፈርቼ ነበር። ስደውልላቸው «ዛሬ እመርጣለሁ፤ ቦርሳዬን የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ» አሉኝ። ስዊድን ውስጥ ከምርጫው ቀን አስቀድሞ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ መምረጥ ይቻላል። የሱፍ ካልሲዬን በክፍት ጫማዬ ውስጥ አድርጌ ሄድኩ። ይህን አለባበስ ለማንም አልመክርም።

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ፣ በልጆች መጻሕፍትና በጋዜጦቹ መሃል፣ የካርቶን መጋረጃዎች ቆመዋል። ሰልፉ አጭር ነው። ወረቀቱ በቀለም ይለያል፤ ቢጫው ለፓርላማ፣ ነጩ ለከተማው ምክር ቤት፣ ሰማያዊው ለክልሉ። ጠባቂ ወታደር የለም፤ በሩ አጠገብ አንድ ሽማግሌ እስክሪብቶ ያድላሉ። ወይዘሮ ሲና ቦርሳቸውን ሰጥተውኝ ገቡ። አስመራጯ መታወቂያቸውን ተቀብላ ስማቸውን ጮክ ብላ አነበበች፤ የባላቸውን የቤተሰብ ስም። አንገታቸውን ነቀነቁ። ከመጋረጃው ጀርባ ብዙ ቆዩ። ከኋላ የነበረው ሰው ሰዓቱን ሲያይ ባያዩትም ሳያውቁት አልቀሩም፤ ሲወጡ ፈገግ ብለውበታል።

ወጥተን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ከደመና ሾልኮ የወጣ ፀሐይ ነበር። እሳቸው ከቦርሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ ቂጣ መሳይ ጣፋጭ አውጥተው ለሁለት ከፈሉልኝ።

«ሐሙስ አዝነው ሄዱ» አሉኝ።

«ማረም ሥራዬ ነው። እንዲህ ዓይነት ስህተት ማለፍ አልነበረብኝም።»

«የዚያን ዕለት ላውራዎት» አሉ። «ያ ሁሉ ሰው ገብቶ ከወጣ በኋላ አስመራጩ ውጪ ወጥቶ አሸናፊውን ሊያነብ ቆመ። እኔ ደብተሬን ይዤ ከፊት ነኝ። ማዕረጉን ካገኘ ሁለት ወር አልሞላውም፤ ቤት ውስጥ ማንም በዚያ አይጠራውም፣ እኔ አባዬ ነው የምለው። ጆሮዬን አቁሜ የምጠብቀው ቶማሲ ፔኒ የሚለውን ነው። አስመራጩ ታኦና ብሎ ጀመረ። ቶማሲ የሚለውን አልሰማሁትም፤ እኔ ማልቀስ ጀምሬያለሁ። አራተኛ ጊዜ ተሸነፈ ብዬ። መንደሩ ይጨፍራል፣ እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቅሳለሁ። አባቴ ሰው እየገፋ መጥቶ አነሳኝ። ‹ሲና፣ እኔ ነኝ እኮ› አለኝ። ‹እኔ ነኝ።›»

ጣፋጩን ጨረሱና እጃቸውን አራገፉ።

«ልጁ ሆኜ እኔም አላወቅሁትም። እርስዎ ከየት ያውቁታል?»

የሞተበትን ዓመት ያን ጊዜ ነገሩኝ። እርጅናውን ጠግቦ ነው የሞተው፤ ስቶክሆልም ድረስ ደብዳቤ ይጽፍላቸው ነበር፣ ከሥሩም ቶማሲ ብሎ ብቻ ይፈርም ነበር። ስንለያይ አንድ ፈቃድ ጠየቅኋቸው።

«ይህንን ልጽፈው ነው። ስምዎን ባስገባ ቅር ይልዎታል?»

«የትኛውን?»

«በሩ ላይ ያለውን አይደለም» አልኩ። ሳቁ፤ ካልሲውንም እንዳልመልስ አስጠነቀቁኝ።

እሑድ

ሰብለ ሊያን ይዛ ከቤት ወጣችልኝ። ምሳ ሠርታ ድስቱን በፎጣ ጠቅልላ፣ ላዩ ላይ «ብዪ» የሚል ወረቀት ትታ ነው የሄደችው። የማእድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ቀኑን ሙሉ ጻፍኩ። ከአስመራጩ ጥሪ ጀመርኩ፣ መሬት ላይ ተቀምጣ ከምታለቅሰው ልጅ። ያልሰማሁትን አልጨመርኩም። የነገሩኝን ካልነገሩኝ ለይቼ፣ ያልጠየቅሁትንም አልጠየቅሁም ብዬ ጻፍኩ፤ ቀድሞ የተሳሳትኩትንም እንዴት እንደተሳሳትኩ። አሥራ አንድ ገጽ ሆነ። በስልክ ፎቶ እያነሳሁ ለጋሽ መርሻ ላክሁ። ማታ መልሳቸው መጣ፤ «ደርሷል። አምስት ገጽ ይተርፋል።» ሠንጠረዡን በትልቅ ፊደል ዘርግተው እንዲያስገቡት ጻፍኩላቸው። የቶማሲ መስመር አሁን አንድ ነው፤ ሦስት ሽንፈት፣ አንድ ድል። ባዶ ሳጥን የለም።

ሰኞና ማክሰኞ

ሰብለ እስከ አርላንዳ ሸኘችኝ። ሊያ በአማርኛ «ቻው እታለም» አለችኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ ከአፏ የሰማሁት ብቸኛ የአማርኛ ንግግር ነው፣ ግማሹ ጣሊያንኛ ቢሆንም። ሻንጣዬ ስዊድን ያሉ ዘመዶች አዲስ አበባ ላሉት በላኩት ቸኮላት ተሞልቶ ከአመጣጤ ይከብድ ነበር። ቦሌ ላይ ሰው በስሜ ጠራኝ።

ከአውሮፕላን እንደወረድኩ ሻንጣዬን ወንድሜ ላይ ጥዬ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ማሽኑ እየሠራ ነው። ጋሽ መርሻ የመጨረሻዎቹን ገጾች፣ የስም ማውጫውን፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ያያሉ። ስለ አዲሱ ምዕራፍ ምንም አላሉም። እኔም አልጠየቅኋቸውም፤ መነጽሩ ግን ተወልውሎ ነበር።

«አንድ ስህተት አግኝቻለሁ» አሉና ማውጫውን ወደ እኔ አዞሩት። ጣታቸው «ሰ» ፊደል ሥር አረፈ። «ሲና ቶማሲ። ይህቺ ሴት በየትኛውም ምርጫ አልተወዳደረችም፣ አልመረጠችም። ሠንጠረዡ ውስጥ የለችም። ማን ናት?»

«የቶማሲ ልጅ ናት» አልኳቸው።